በሕግ አምላክ ያለች ትንሽ አገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)






የንግግራችን ርእስ አንዲት ትንሽ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ፥ ይኸውም በ2017 ዓ.ም.፥ ከውጭ መንግሥታት ጋር ያደረገችው ሥራ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን በክፍል ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። የክርክሩ ጥያቄ «ለትንሽ መንግሥት መከታው ጦር ነው ወይስ ቃል?» የሚል ነበር። ለቃል የቆሙት ወገኖች ስለ ሕግና ስለ መንግሥታት ማኅበር ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ ከወዲያኛው ወገን አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «የእኛ ንጉሠ ነገሥት ጄኔቭ ድረስ ሄደው በዓለም ፊት አቤት አሉ፤ ታዲያ ማን ሰማቸው?» ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ቀን መልስ የሰጠው አልነበረም። ደወሉ ተደወለና ተበታተንን፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ወጣ። ዛሬ የምንነግራችሁ ለዚያ ጓደኛችን መልስ ስንፈልግ ያገኘነውን ነው።

አገሪቱ ቫኑዋቱ ትባላለች። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ቢኖር አይፈር፤ እኛም በካርታ ላይ ያገኘናት በጣታችን ብዙ ከፈለግን በኋላ ነው። ከአውስትራልያ በስተ ምሥራቅ፥ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ፥ ሰማንያ ያህል ደሴቶች እንደ ተበተነ እህል ሆነው ይታያሉ፤ እነርሱ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር 300,000 ያህል ነበር፤ ይኸውም የአዲስ አበባን ሕዝብ ዐሥረኛ እጅ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ አነስተኛ ሕዝብ መካከል ከመቶ የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ።

ይህችን አገር ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት በጋራ ይገዟት ነበር። ሁለት የፖሊስ ኀይል፥ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት፥ ሁለት ዓይነት ወህኒ ቤት ነበራት፤ የአገሩ ተወላጅ ግን የእንግሊዝም የፈረንሳይም ዜጋ አልነበረም። ሁለት ጌታ ሲኖረው አንድ አገር አልነበረውም ማለት ነው። ነጻነቷን ያገኘችው ሐምሌ 23 ቀን 1972 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ዋልተር ሊኒ የተባሉ ቄስ ነበሩ። በመስከረም 1974 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነች።

የቫኑዋቱ ጠላት በጦር መርከብ የሚመጣ ወራሪ አይደለም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ፓም የተባለ ዐውሎ ነፋስ መትቷት ከአገሪቱ የአንድ ዓመት ጠቅላላ ምርት 64 በመቶ የሚሆን ዋጋ ያለው ጥፋት አድርሶባት ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ተከታትለው አለፉባት። ባሕሩም ከፍ እያለ የዳርቻውን መንደር እየበላ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የዚህ ሁሉ ምክንያት ምድርን የሚያሞቀው የፋብሪካ፥ የመኪናና የከሰል ጭስ ነው፤ ቫኑዋቱ ግን በዚህ ጭስ ውስጥ ያላት ድርሻ ከኢምንት የሚቆጠር ነው። ሌላው ያነደደው እሳት የእርስዋን ቤት ያቃጥላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ምን ያደርጋል? በአገራችን የቆየ ልማድ አለ። ጕልበተኛው ደካማውን ሲያጠቃው ደካማው «በሕግ አምላክ!» ካለ፥ ጕልበተኛው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍና ጫፉን ቋጥረው፥ ጠባቂ ሳይኖራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ያን ቋጠሮ የሚፈታው ዳኛው እንጂ ጕልበተኛው አልነበረም።

ቫኑዋቱም ያደረገችው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን በዓለም ፍርድ ቤት ነጠላ ማስቋጠር ቀላል አይደለም። በሔግ ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የፍርድ ቤት አንዱን መንግሥት ለሌላው መንግሥት እንዲመልስ የሚያስገድደው ተከሳሹ አስቀድሞ በፍርድ ቤቱ ለመዳኘት የተስማማ እንደሆነ ብቻ ነው። ታላላቆቹ ደግሞ በቀላሉ አይስማሙም። ሌላ በር ግን አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ «በዚህ ነገር ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም የምክር አስተያየት ይሰጣል። በጠቅላላው ጉባኤ ውስጥ ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም ያለው ድምፅ አንድ ነው። 300,000 ሕዝብ ያላት አገር በዚያ አዳራሽ ሺህ ሚሊዮን ሕዝብ ካለው መንግሥት እኩል እጅዋን ታወጣለች።

ይህን በር ያገኘው ማን ይመስላችኋል? ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ በፖርት ቪላ ባለው በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ውስጥ 27 ተማሪዎች ነበሩ። ከልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ ወጣቶች ናቸው። ስለ አካባቢ የሚናገረውን ዓለም አቀፍ ሕግ ሲማሩ ይህን ሐሳብ አንሥተው ለፓስፊክ አገሮች መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። በ2014 ዓ.ም. መባቻ የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳባቸውን ተቀብሎ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ የአምባሳደሮች ሥራ ነው። ቫኑዋቱ በውጭ አገር ያሏት መልእክተኞች ጥቂት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች በኒው ዮርክ ከአንዱ መንግሥት ወኪል ወደ ሌላው እየሄዱ፥ የጥያቄውን ቃል እያረሙና እያስማሙ፥ በመጀመሪያ ዐሥራ ስምንት አገሮች ያሉበት ቡድን አቋቋሙ። በቡድኑ ውስጥ እንደ ጀርመን ያለ ባለጠጋ አገር ነበረ፤ ከአፍሪካም ዩጋንዳ፥ ሞሮኮ፥ አንጎላ፥ ሞዛምቢክና ሴራ ሊዮን ነበሩ። መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ሁለቱ ዐውሎ ነፋሶች ካለፉ አንድ ወር ሳይሞላ፥ ውሳኔው በጠቅላላው ጉባኤ ፊት ሲቀርብ 132 መንግሥታት ደጋፊ ሆነው ተመዝግበው ነበር፤ አንድም ተቃዋሚ ድምፅ ሳይሰጥ ጸደቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ወደ 2017 ዓ.ም. ደረስን።

ኅዳር 23 ቀን ፍርድ ቤቱ ሔግ ላይ ተቀመጠ። ከመንግሥታት ሁሉ አስቀድማ የተናገረችው ቫኑዋቱ ነበረች። ልዩ መልእክተኛዋ ራልፍ ሬገንቫኑና ዋና ዐቃቤ ሕጓ አርኖልድ ኪኤል ሎውማን ቆመው አስረዱ። ከእነርሱም ጋር ከነዚያ 27 ተማሪዎች አንዷ የነበረችው፥ የሰሎሞን ደሴቶች ተወላጅ ሲንትያ ሁኒዩሂ በዳኞቹ ፊት ተናገረች። በክፍል ውስጥ የተነሣ ሐሳብ ከአምስት ዓመት በኋላ በዓለም ዳኞች ጆሮ ገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 96 መንግሥታትና 11 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፥ የአፍሪካ ኅብረትም ጭምር፥ ቃላቸውን ሰጡ፤ ይህን ያህል ብዙ ተናጋሪ ፍርድ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ አይቶ አያውቅም ነበር። ከታላላቆቹ መንግሥታትና ነዳጅ ከሚያወጡት አገሮች ብዙዎቹ፥ «ስለ አየር ንብረት የተፈራረምናቸው ውሎች ይበቃሉ፤ ከእነርሱ ውጭ ሌላ ሕግ ሊጠቀስብን አይገባም» ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ታኅሣሥ 4 ቀን አበቃ።

አራት ቀን እንኳ በሰላም አላለፈም። ታኅሣሥ 8 ቀን በመለኪያ 7.3 የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ ፖርት ቪላን መታት። ዐሥራ አራት ሰዎች ሞቱ፤ የአሜሪካ፥ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኒው ዚላንድ መልእክተኞች የሚሠሩበት ሕንጻም ክፉኛ ተጎዳ። ከአውስትራልያ፥ ከኒው ዚላንድና ከፈረንሳይ ነፍስ አዳኞች ፈጥነው መጡ። በክፉ ቀን የሚደርስ ወዳጅ በደኅና ቀን የተያዘ ወዳጅ መሆኑን ከዚህ ተማርን።

በዚያው በታኅሣሥ ወር ግን ሌላ ክፉ ወሬ ከአውሮፓ መጣ፤ ይህኛው ከተፈጥሮ የመጣ አልነበረም። ቫኑዋቱ ገቢ ለማግኘት ስትል ለውጭ አገር ሰዎች ዜግነቷንና ፓስፖርቷን በገንዘብ ስትሸጥ ኖራለች። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አደገኛ ብሎ፥ አስቀድሞ አግዶት የነበረውን ያለ ቪዛ የመግባት መብት ጨርሶ ሰረዘው። ይህን መደበቅ አይገባንም። አንዲት አገር በሔግ የተናገረችው ቃል ተከብሮ ሳለ፥ በአየር ማረፊያ የምታሳየው ወረቀት ሊታመን አልቻለም። ሁለቱ ነገር የሆነው በአንድ ወር ውስጥ ነው። ፓስፖርትም የአገር ቃል ነው፤ «ይህ ሰው የእኔ ነው፤ ስለ እርሱ እኔ እመሰክራለሁ» ማለት ነውና። ቃሉን የሸጠ ሰው በኋላ ሲናገር ዋጋው ይጠየቃል።

በአገር ውስጥም ዕረፍት አልነበረም። ምክር ቤቱ በኅዳር ተበትኖ ስለ ነበር፥ ከመንቀጥቀጡ ልክ በአንድ ወሩ፥ ጥር 8 ቀን፥ ሕዝቡ ከፈረሰው ግንብ አጠገብ እየተሰለፈ መረጠ። የካቲት 4 ቀን ጆታም ናፓት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ነገር ከተጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እርሳቸው አምስተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ እየተለዋወጡ ጉዳዩ አልተለወጠም። እኛ ከክፍል ወደ ክፍል ስንሸጋገር የጀመርነውን ማኅበር አለቃው ሲለወጥ የምንተው ተማሪዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባናል።

ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጃፓናዊው ዩጂ ኢዋሳዋ ውሳኔውን አነበቡ። ዐሥራ አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ተስማምተው ነበር። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፤ መንግሥታት የአየር ንብረትን ከጥፋት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታውም ከውሎቹ ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው ዓለም አቀፍ ሕግ ይመነጫል፤ ግዴታውን ያፈረሰ መንግሥት ሕግን የጣሰ ነው፤ ጥፋቱና ጉዳቱ መያያዛቸው ከተረጋገጠም ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ደግሞም ባሕር የአንዲትን አገር መሬት ቢውጥ አገሪቱ በዚያ ብቻ አገርነቷ ቀረ አያሰኝም። ታላላቆቹ «ውሎቹ ይበቃሉ» ያሉት ክርክር ተቀባይነት አላገኘም።

ታዲያ ቫኑዋቱ አሸነፈች ማለት ነው? ጓደኛችን እዚህ ቢነሣ እንዲህ ይለናል፤ «አስተያየቱ ምክር እንጂ የሚያስገድድ ፍርድ አይደለም። አሜሪካም በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፓሪሱ ስምምነት እንደምትወጣ አስታውቃለች። ዐውሎ ነፋሱ ፍርድ አንብቦ አይመለስም።» እውነቱን ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት ታላቁ መንግሥት ለትንሹ የሚሰጠው ነገር ቸርነት ይባል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ትንሹ የሚጠይቀው መብቱን ነው። ቸርነት የሚጠይቅ አንገቱን ይደፋል፤ መብት የሚጠይቅ ቀና ብሎ ይናገራል። የቫኑዋቱ መልእክተኞችም ወረቀቱን በሣጥን ቆልፈው አላስቀመጡትም፤ ወደ ጠቅላላው ጉባኤ መልሰው ይዘውት እንደሚሄዱ ወዲያው ተናገሩ።

የዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ጳጉሜን 4 ቀን የአውስትራልያ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዚ ወደ ፖርት ቪላ መጡ። ናካማል የተባለ ስምምነት ሊፈረም ተዘጋጅቶ ነበር። ናካማል ማለት በአገሩ ቋንቋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ቤት ነው፤ እንደ እኛ የዋርካ ጥላ ማለት ነው። አውስትራልያ በዐሥር ዓመት ውስጥ 500 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ልትሰጥ፥ በጸጥታም በልማትም አብረው ሊሠሩ ነበር። ነገር ግን አንዳንድ የቫኑዋቱ ሚኒስትሮች፥ «ይህ ውል ለመንገድና ለወደብ ከሌላ አገር ገንዘብ እንዳናገኝ እጃችንን ያስረናል» ብለው ሠጉ። ሌላ አገር ሲሉ ቻይናን ማሰባቸው ግልጽ ነው፤ የፕሬዚዳንቱን አዲስ ቤተ መንግሥት ሠርታ ያስረከበች እርስዋ ናትና። ስለዚህ እንግዳው መጥተው ሳለ ፊርማው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ገንዘብ በፊቱ የተቀመጠለት ድኻ «ቆይ፥ አንብቤ ልፈርም» ለማለት መቻሉ እንደ ሔጉ ንግግር ሁሉ ድፍረት ይጠይቃል። የእኛም አባቶች አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲል ምን እንደሚያስከትል በውጫሌ ተምረዋል።

ክቡራንና ክቡራት፤ አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። «ጄኔቭ ላይ ማን ሰማቸው?» ነበር ያለው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ማኅበሩ አልረዳንም፤ እንዲያውም በጣልያን ላይ ተጥሎ የነበረው የንግድ ቅጣት ጥቂት ቀን ሳይቈይ ተነሣ። አገራችን የተመለሰችው በአርበኞች ደምና በጦር ኀይል ነው። እስከዚህ ድረስ ጓደኛችን ትክክል ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላለቀም። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ይህችው አቤቱታዋ ያልተሰማላት ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ወደዚያው ወደ ሔግ ፍርድ ቤት ሄደች። የሄደችው ስለ ራስዋ ጉዳይ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በዘር ልዩነት ይገዛቸው ስለ ነበሩት ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ልትከስ ነው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ቈየ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅም ክሱ ውድቅ ሆነ። ኢትዮጵያ ሁለተኛ ጊዜ አቤት ብላ ሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጅዋን ተመለሰች።

ይሁን እንጂ ውሳኔው ብዙዎችን ስላስቈጣ ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1959 ዓ.ም.፥ ጠቅላላው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር ላይ የነበራትን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ። በሰኔ 1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት፥ ዛሬ ለቫኑዋቱ እንደ ሰጠው ባለ የምክር አስተያየት፥ ደቡብ አፍሪካ በዚያ መቈየቷ ከሕግ ውጭ መሆኑን ተናገረ። ከዚያም ሕዝቡ ራሱ በብዙ ትግልና መሥዋዕትነት፥ መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣ፤ ስሙም ናሚቢያ ነው። በቫኑዋቱም ጉዳይ የጽሑፍ አስተያየታቸውን ለፍርድ ቤቱ ካቀረቡት መንግሥታት አንዱ ናሚቢያ ነው። ኢትዮጵያ ጠበቃ የቆመችለት ሕዝብ ዛሬ በዚያው ፍርድ ቤት ስለ ሌላው ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ ለጓደኛችን የምንመልስለት ይህን ነው። ቃል የጦርን ሥራ አይሠራም፤ ቃል አገርን ብቻውን ያድናል ብለን አንዋሽህም። ቃል የሚያድነው ጉዳዩን ነው፤ ተበዳዩ «ተበድያለሁ» ማለቱን ካልተወ በዳዩ ነገሩን አልቋል ለማለት አይችልም። በወንጌል የተነገረላት መበለት ዐመፀኛውን ዳኛ ያሸነፈችው በጕልበት ሳይሆን በመመላለስ ነበር። ጄኔቭ ላይ በዚያ ቀን የሰማ ባይኖር፥ ከዚያ በኋላ የተነሡ ትናንሽ ሕዝቦች ሰምተዋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን አምባሳደር ወይም ዳኛ የሚሆን ይኖር ይሆናል፤ አብዛኞቻችን ግን መምህር፥ ነርስ፥ ነጋዴ፥ ገበሬ እንሆናለን። ሁላችንም ግን ልንይዛቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች ከዚያች ትንሽ አገር ዓመት አግኝተናል። አቤቱታን በሚገባ ጽፎ ማቅረብ፤ አለቃ ሲለወጥ ጉዳይን አለመጣል፤ ስምንም ለገንዘብ አለመስጠት። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብድ መሆኑን ቫኑዋቱ ራስዋ አሳይታናለች።

ወላጆቻችን፥ መምህራኖቻችን፤ ደብዳቤ መጻፍን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። በነዚያ 27 ተማሪዎች ደብዳቤ የተጀመረው ነገር የት እንደ ደረሰ አይታችኋል። እኛም የተማርነውን በከንቱ እንዳናስቀረው በፊታችሁ ቃል እንገባለን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።